ዶላር ሲያልቅ መድኃኒት ቤቱ ቀድሞ ያውቃል

እስያ ሲነሣ በእኛ አገር ወሬው ወዲያው ወደ ቻይና ይሮጣል፤ ቀጥሎ ታይዋን፣ ቀጥሎ ሰሜን ኮሪያ። እኔን ግን ከዚያ ሰፊ አህጉር ይዛ ያስቀረችኝ 22 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አንዲት ደሴት ናት፤ ስሪላንካ። ምክንያቱ ሙያዬ ነው። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ ውሎዬ በመደርደሪያና በሐኪም ማዘዣ መካከል ነው። አገር የውጭ ምንዛሪ ሲያጥራት፣ ማዕከላዊ ባንኩ መግለጫ ከማውጣቱ በፊት ነገሩ እኛ ዘንድ ይታያል። መጀመሪያ አንድ የደም ግፊት ክኒን ይጠፋና የሌላ ፋብሪካ ምርት ይተካዋል። ከዚያ ተተኪውም ይጠፋል። ከዚያ አስመጪው «ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) አልተከፈተልኝም» ይላል፤ በመጨረሻም ስልክ ማንሣት ይተዋል። ይህን ደጋግሞ ያየ ሰው የኮሎምቦን ዜና እንደ ሩቅ አገር ዜና ሊያነበው አይችልም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

ሁለት ጊዜያትን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ጃንዋሪ 18 ቀን 2022 የስሪላንካ መንግሥት ጊዜው የደረሰ የ500 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ (መንግሥት ከገበያ የተበደረበት የዕዳ ሰነድ) ለውጭ አበዳሪዎች ሳያጎድል ከፈለ። በዚያው ዓመት በማርች መጨረሻ ላይ ደግሞ ካንዲ አጠገብ የሚገኘው የፔራዴኒያ ሆስፒታል፣ መድኃኒት በማጣቱ፣ ቀጠሮ የተያዘላቸውን ቀዶ ሕክምናዎች አቆመ። በመካከላቸው ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት ቢኖር ነው። ቦንዱ ከመከፈሉ በፊት የአገሪቱ ኢኮኖሚስቶች «ይህን ገንዘብ አትክፈሉ፤ ከአበዳሪዎች ጋር ተደራደሩ፤ የቀረችውን ዶላር ለምግብ፣ ለነዳጅና ለመድኃኒት አቆዩ» የሚል ምክር በአደባባይ ሰጥተው ነበር። የሰማቸው አልነበረም። መንግሥት «ዕዳውን ሳይከፍል ቀርቶ የማያውቅ አገር» የሚለውን ስም መጠበቅ መረጠ። ስሙም ቢሆን ከሦስት ወር በላይ አልቆየም፤ ኤፕሪል 12 ቀን የውጭ ዕዳ መክፈል ማቆሙን ራሱ አወጀ።

ስለ ስሪላንካ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ስለ ዕዳው መጠን ነው። እኔን የሚይዘኝ ወረፋው ነው። ዶላር ሲሳሳ ማን ቀድሞ ይስተናገዳል? ማንስ ከኋላ ይሰለፋል? ደግሞስ ወረፋውን የሚያስይዘው ማን ነው? በዚያ ጃንዋሪ የቦንዱ ባለቤት ከፊት ቆመ፤ የቀዶ ሕክምና ተራውን የሚጠብቀው በሽተኛ ከኋላ። ይህን ያደረገ የተፈጥሮ ሕግ የለም። በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ፣ ስማቸው የሚታወቅ ሰዎች የወሰኑት ነው።

ነገሩ የሚያንገበግበው ስሪላንካ በጤና ረገድ ምን እንደነበራት ለሚያውቅ ነው። በ1931፣ ገና በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ሳለች፣ ወንድም ሴትም በእኩል የመምረጥ መብት አገኙ፤ በእስያ የመጀመሪያዋ ነበረች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1934 እና በ1935፣ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 80,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ መግጠማቸው ለአገሪቱ ዕጣ ፈንታዋ ሆነ ብዬ አምናለሁ። የገበሬው ድምፅ የሚያስፈልገው ተመራጭ የገበሬውን ሞት ችላ ማለት አልቻለም። ክሊኒክና የገጠር ሆስፒታል ተስፋፋ። ከነጻነት በኋላ የመጡ መንግሥታት፣ የቀኝም የግራም፣ በሌላው ሁሉ ቢጣሉ ነጻ ሕክምናንና ነጻ ትምህርትን ለመንካት አልደፈሩም።

ወባን በተመለከተ ታሪካቸው ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። በ1963 በመላ ደሴቲቱ የተገኙት የወባ ሕሙማን 17 ብቻ ነበሩ። «በቃ አለቀ» ተባለ፤ ርጭቱም ክትትሉም ላላ። በ1968 እና በ1969 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው ታመመ። እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። ከ1983 እስከ 2009 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ እንኳ፣ ታሚል ታጣቂዎች በያዙት ምድርም ጭምር፣ የወባ ሥራው ሙሉ በሙሉ አልተቋረጠም። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት ስሪላንካን ከወባ ነጻ ብሎ አረጋገጠ። የዚህ ሁሉ የጀርባ አጥንት በየመንደሩ እየዞሩ ነፍሰ ጡሮችን የሚጎበኙ፣ ሕፃናትን የሚመዝኑ፣ ክትባት የሚከታተሉ የመንግሥት አዋላጆች ናቸው። የእኛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሚያውቅ ሥራቸው እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ የእነርሱ የጀመረው ብዙ አሥርት ዓመታት ቀድሞ መሆኑ ነው።

ይህ የጤና ሥርዓት ግን አንድ ስስ ቦታ ነበረው። ሐኪሙ በአገር ውስጥ ይሠለጥናል፣ አዋላጇ በአገር ውስጥ ትሠለጥናለች፤ መድኃኒቱ ግን ከአምስት እጅ አራቱ ከውጭ ይመጣል፤ ይበልጡን ከህንድ። የአገሪቱ ገንዘብ ሩፒ ከውጭ መድኃኒት አይገዛም። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው በነጻ የሚታከምበት ሆስፒታል ሳይታወቅ ከሻይ ኤክስፖርት፣ ከጎብኚዎች፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ቤት ከሚሠሩ ሴቶች ደመወዝ ጋር ታስሮ ነበር።

እዚህ ላይ የቻይናን ጉዳይ ላንሣና ልለፈው፤ ካላነሣሁት ጥያቄው አይቀርልኝም። «ስሪላንካን ቻይና በዕዳ ጠልፋ ወደቧን ወሰደች» የሚለው ታሪክ በእኛም አገር በየሻይ ቤቱ ይነገራል። የሃምባንቶታ ወደብ በ2017 ለ99 ዓመት ለቻይና ኩባንያ መከራየቱ እውነት ነው፤ ኪራዩም 1.12 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ነገር ግን ያ ገንዘብ የገባው ወደ ውጭ ምንዛሪ ክምችት ነው እንጂ የወደቡን ዕዳ አልሰረዘም። መንግሥት ዶላር የፈለገው ደግሞ በዋናነት ለሌሎች አበዳሪዎች ለመክፈል ነው። ከውጭ ዕዳው የቻይና ድርሻ ከአምስት አንድ ገደማ ሲሆን፣ ትልቁ ቁራጭ በዓለም ገበያ የተሸጠ ቦንድ ነበር። ቦንድ ፊት የለውም፤ ኤምባሲም የለውም፤ ሊሰደብ አይመችም። ከቻይና የተበደሩት ገንዘብ ብልህ ነበር አልልም። ብዙ መርከብ የማይቆምበት ወደብ፣ ብዙ አውሮፕላን የማያርፍበት የማታላ አውሮፕላን ጣቢያ፣ ሁለቱም አገሪቱን ለዓመታት በገዛው በራጃፓክሳ ቤተሰብ የትውልድ አውራጃ ተሠርተዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ የእኛ ሰዎች፤ እነርሱ ግን ተበድረው የደመቁት በገዛ ቀያቸው ነው።

ዋናው ጥፋት የተሠራው ግን ኮሎምቦ ውስጥ ነው። በኤፕሪል 2019 በፋሲካ ዕለት በአብያተ ክርስቲያናትና በሆቴሎች ላይ የተፈጸመው የቦምብ ጥቃት ከ260 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ አገሪቱ በፍርሃት ተዋጠች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር «ጸጥታ አስከብራለሁ» ያሉት የቀድሞው የመከላከያ ባለሥልጣን ጎታባያ ራጃፓክሳ ተመረጡ። ወንድማቸውን ማሂንዳን ጠቅላይ ሚኒስትር አደረጉ። ወዲያው የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ15 በመቶ ወደ 8 በመቶ አወረዱ፤ ሌሎች ግብሮችንም ቀነሱ። ጥቂት ወራት አልፈው ኮቪድ መጣና ጎብኚው ቀረ። ግብሩ በፈቃድ ቀነሰ፤ ዶላሩ ያለ ፈቃድ ቀነሰ። አበዳሪው ገበያ በሩን ዘጋ፤ ማዕከላዊ ባንኩ ሩፒ ማተሙን ቀጠለ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ በጣም የሚቀርበው ቀጥሎ የመጣው ነው። ባንኩ የምንዛሪውን ዋጋ ወደ 200 ሩፒ ገደማ አስሮ ያዘ፤ ጥቁር ገበያው ከዚያ እጅግ ርቆ ሄደ። ኩዌትና ሳዑዲ ያሉት ሠራተኞች ገንዘባቸውን በባንክ መላክ ተዉ። በ2020 ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የውጭ ሐዋላ በ2021 ወደ 5.5 ቢሊዮን፣ በ2022 ደግሞ ወደ 3.8 ቢሊዮን ወረደ። ሰዎቹ ለቤተሰባቸው መላክ አላቆሙም፤ በሌላ መንገድ ላኩ እንጂ። ሆስፒታሉ መድኃኒት የሚገዛበት ዶላር በሌላ ሰው ኪስ በኩል አለፈ። ከ2024 በፊት በአዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ለማስረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

ወደ ማዳበሪያው ስመጣ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የሕዝብ ጤና በዚህ ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ የገባው በሰበብነት ነው፤ ተጎጂ የሆነው ኋላ ነው።

በደሴቲቱ ሰሜን ማዕከላዊ ክፍል ራጃራታ የሚባል ደረቅ ምድር አለ። ነገሥታት ከብዙ ምዕተ ዓመታት በፊት ባሠሯቸው የውኃ ማጠራቀሚያዎች ሩዝ ይመረትበታል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በዚያ አካባቢ ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር ማስተዋል ጀመሩ፤ ስኳርም ሆነ የደም ግፊት የሌለባቸው፣ ገና በጉልበት ዕድሜ ላይ ያሉ ገበሬዎች ኩላሊታቸው ሥራውን እያቆመ ይመጡ ነበር። መንስኤው ዛሬም አልተቋጨም። ሙቀትና የውኃ ጥም፣ የጉድጓዱ ውኃ ማዕድን፣ ፍሎራይድ (የስምጥ ሸለቆ ሰው ይህን ስም ያውቀዋል)፣ ፀረ ተባይና ፀረ አረም ኬሚካል፣ ሁሉም ተጠርጥረዋል። በመካከለኛው አሜሪካ የሸንኮራ አገዳ ቆራጮች ላይም ተመሳሳይ በሽታ መታየቱ ነገሩን ይበልጥ አወሳስቦታል። ሳይንሱ «ምናልባት» እያለ ሳለ ፖለቲካው ግን ወንጀለኛውን አግኝቷል፤ በ2015 ግላይፎሴት የተባለው የአረም ማጥፊያ ታገደ፤ በ2018 ደግሞ ለሻይና ለጎማ ተክል እገዳው ተነሣ።

ጎታባያ በምርጫ ዘመቻቸው ገበሬውን በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ተፈጥሮ ማዳበሪያ እንደሚያሻግሩ ቃል ገብተው ነበር። ክፉ ሐሳብ አልነበረም። በኤፕሪል መጨረሻ 2021 ግን አሥሩ ዓመት ድንገት ወደ ቀናት ወረደ፤ ከሜይ ጀምሮ የኬሚካል ማዳበሪያም ፀረ ተባይም ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የተሰጠው ምክንያት የገበሬው ኩላሊት ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሌላ ሒሳብ ነበር፤ ማዳበሪያ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ ዶላሩ ደግሞ እያለቀ ነው። አንድ መንግሥት «ገንዘብ የለኝም» ብሎ ከመናገር «ለጤናችሁ አስቤ ነው» ማለት ይቀለዋል። የጤና ባለሙያ ሆኜ ይህን ስጽፍ ንዴቴን መደበቅ አልችልም። ያን የራጃራታ ገበሬ ለሃያ ዓመት ንጹሕ ውኃ አቅርቡለት ሲባል ያልሰማ መንግሥት፣ ዶላር ሲያልቅበት ኩላሊቱ ትዝ አለው።

የግብርና ምሁራኑ አስጠነቀቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር። ኮምፖስቱ በቂ አይደለም፣ ሩዙ ናይትሮጅን ይፈልጋል፣ ሻዩ ይጎዳል አሉ። መንግሥት የተፈጥሮ ማዳበሪያ ከቻይና አዘዘ። 20,000 ቶን ጭኖ የመጣው መርከብ ናሙናው ሲመረመር ለሰብል አደገኛ የሆነ ባክቴሪያ ተገኘበት ተባለና እንዳያራግፍ ተከለከለ። ጭቅጭቁ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ የቻይና ኤምባሲ የስሪላንካን አንድ የመንግሥት ባንክ በጥቁር መዝገብ አሰፈረ። መጨረሻው ምን ሆነ? ስሪላንካ ላልተረከበችው ማዳበሪያ በ2022 መጀመሪያ 6.7 ሚሊዮን ዶላር ከፈለች። ቦንዱ በተከፈለበት ወር መሆኑን ልብ በሉ።

እገዳው በኖቬምበር ተነሣ፤ የዘር ወቅቱ ግን አልጠበቀም። በሩዝ ራሷን ችላ የነበረችው አገር ምርቷ በስድስት ወር ውስጥ ወደ 20 በመቶ ገደማ ወርዶ ሩዝ ለመግዛት በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር አወጣች። ለተጎዱት ገበሬዎች ደግሞ የ200 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ተመደበ። ዶላር ለማዳን የተደረገው ነገር ዶላር በላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ በስልኩ ስላየው በአጭሩ ልለፈው። በማርች 2022 መብራት በቀን እስከ 13 ሰዓት ይጠፋ ነበር። ወረቀት ጠፍቶ የትምህርት ቤት ፈተና ተራዘመ፤ አንዳንድ ጋዜጦችም መታተም አቆሙ። በነዳጅ ሰልፍ ላይ ቆመው የሞቱ ሰዎች ነበሩ። ጁን ላይ መንግሥት ሠራተኞቹን አርብ አርብ ቤታችሁ ሆናችሁ አትክልት ዝሩ አላቸው። በጋል ፌስ የባሕር ዳርቻ ወጣቶች ድንኳን ተክለው፣ ቤተ መጻሕፍትና የሕክምና ጣቢያ አቋቁመው «ጎታ ወደ ቤትህ ሂድ» እያሉ ሦስት ወር ከረሙ። ሲንሃላውም ታሚሉም ሙስሊሙም፣ ለዘመናት እርስ በርስ ሲፈራሩ የኖሩት፣ እዚያ አብረው ታዩ። ጁላይ 9 ቀን ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ወረረ፤ በፕሬዚዳንቱ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ሲዋኝ የሚያሳየው ምስልም ዓለምን ዞረ። ፕሬዚዳንቱ በወታደራዊ አውሮፕላን ወደ ማልዲቭስ፣ ከዚያም ወደ ሲንጋፖር ሸሽተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ በኦገስት 2024 ዳካ፣ በሴፕቴምበር 2025 ካትማንዱ ተመሳሳይ ነገር ሲያዩ ሁሉንም በአንድ ከረጢት የሚከቱ ጸሐፊዎች በዝተዋል። እኔ አልቸኩልም። የባንግላዴሽ ወጣት የተነሣው በመንግሥት ሥራ ኮታ፣ የኔፓሉ በማኅበራዊ ሚዲያ እገዳና በባለሥልጣናት ልጆች ድሎት ተቆጥቶ ነው። የጋል ፌሱ ደግሞ እናቱ የምትወስደው መድኃኒት ስለጠፋም ጭምር ነበር።

ካሜራው ገንዳው ላይ ሳለ በሆስፒታል መጋዘኖች ምን ይደረግ ነበር? የሐኪሞች ማኅበር በኤፕሪል የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ተፈጥሯል ብሎ ነበር። የመድኃኒት ዋጋ እንዲጨምር ተፈቀደ፤ የ60 መድኃኒቶች ዋጋ በአንድ ጊዜ በ40 በመቶ ከፍ አለ። ለሕክምና የሄደ ሰው ጓንትና መርፌ፣ የስፌት ክር ሳይቀር፣ ከውጭ ገዝቶ እንዲመጣ ይታዘዝ ጀመር። ህንድ የ1 ቢሊዮን ዶላር ብድር ለምግብና ለመድኃኒት ከፈተች፤ በአጠቃላይ በዚያ ዓመት የሰጠችው ድጋፍ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ አደጋ አገሪቱን ያቆያት የአሮጌው ሥርዓት ሰዎች ናቸው እላለሁ። ሐኪሞች መድኃኒት እየተበዳደሩ፣ የትኛው ሆስፒታል ምን እንዳለው በስልክ እየተጠያየቁ፣ በውጭ ያሉ የሥራ ባልደረቦቻቸውን እየለመኑ ሠሩ።

መድኃኒት ሲጠፋ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ሌላ ነገር ይመጣል። ይህ የሙያችን ክፉ ምሥጢር ነው። ጥራት የሚቆጣጠረው ባለሥልጣን «ሕሙማን እየሞቱ አንተ ወረቀት ትጠይቃለህ?» ይባላል፤ ጥያቄውም መልስ የለውም። በስሪላንካ ያልተመዘገቡ መድኃኒቶች በአስቸኳይ ግዥ መንገድ እንዲገቡ ተፈቀደ። በ2023 በኑዋራ ኤሊያ ሆስፒታል የዓይን ሞራ የተገፈፈላቸው ሕሙማን ከውጭ በገባ የዓይን ጠብታ ምክንያት እይታቸው ተጎዳ። በዚያው ዓመት ደረጃውን ያልጠበቀ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከሰው ደም የሚዘጋጅ፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚደግፍ መድኃኒት) ለሆስፒታሎች መቅረቡ ተጋለጠ፤ የቀድሞው የጤና ሚኒስትር ኬሄሊያ ራምቡክዌላ በፌብሩዋሪ 2024 ከዚህ ግዥ ጋር በተያያዘ ተይዘው ታሰሩ። የእርሳቸውን ጥፋተኝነት ለፍርድ ቤት ልተወው። እኔን የሚያስጨንቀኝ የተከፈተው በር ነው። በችግር ጊዜ ለሦስት ወር ተብሎ የሚከፈት የግዥ በር፣ ከጀርባው ጥቅም የሚያገኝ ሰው ከተሰለፈ በኋላ ለመዝጋት ዓመታት ይፈጃል። እኔም እንዲህ ባለ ጊዜ ማኅተሙ የተጠራጠርኩትን ካርቶን ይዞ «ዛሬ ካልወሰድክ ነገ አታገኘውም» የሚለኝ አከፋፋይ ፊት ቆሜ አውቃለሁ።

ሌላው የወጣ ነገር ሰው ነው። በ2022 ብቻ ከ300,000 በላይ ስሪላንካውያን ለሥራ ወደ ውጭ ሄዱ። መንግሥት ለሠራተኞቹ ደመወዝ የማይከፈልበት እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ፈቃድ ሰጠ፤ ሂዱና ዶላር ላኩ ማለት ነው። በሰው ቤት ለመሥራት የሚሄዱ ሴቶች ዝቅተኛ ዕድሜም ወደ 21 ዓመት እንዲወርድ ተደረገ። ቤይሩትም ሆነ ሪያድ አንድ ፎቅ ላይ፣ በአንዱ ወጥ ቤት የኩሩኔጋላ ልጅ፣ በሌላው የወሎ ልጅ የምትሠራው፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪ መሳቢያ የሚቆለፈው፣ ሁለቱም አገሮች ከመሬታቸው ያላገኙትን ዶላር ከእነርሱ ጉልበት ስለሚጠብቁ ነው። ሐኪሞቹም ወደ ብሪታንያ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ሄዱ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ1,000 በላይ። በሕዝብ ገንዘብ በነጻ የተማሩ ናቸው። አልፈርድባቸውም። የሚከፈለው ደመወዝ የልጅ ወተት የማይገዛ ከሆነ መሐላ ብቻውን ሰው አያቆይም።

የዓለም ገንዘብ ድርጅት በማርች 2023 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ብድር ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የሚታየው ቁጥር ሁሉ ያማረ ነው። በሴፕቴምበር 2022 ወደ 70 በመቶ የደረሰው የዋጋ ንረት በዓመቱ ወደ ነጠላ አኃዝ ወረደ፤ ጎብኚው ተመለሰ፤ ሐዋላው ተመለሰ፤ በዲሴምበር 2024 የ12.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ተሸጋሸገ። ክፍያው የመጣው በሌላ በኩል ነው። የመብራት ዋጋ በኦገስት 2022 በ75 በመቶ፣ በፌብሩዋሪ 2023 እንደገና በ66 በመቶ ጨመረ። ያ 8 በመቶ የነበረው ታክስ 18 በመቶ ሆነ። በዓለም ባንክ ግምት በ2021 ከሕዝቡ 13 በመቶ ገደማ የነበረው ድሀ በአንድ ዓመት ውስጥ 25 በመቶ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ የዋጋ ንረቱ በወረደበት ፍጥነት አልወረደም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ግብሩን የቀነሰው ማን ነበር? ማዳበሪያውን የከለከለውስ?

በዚህ ረገድ ስሪላንካውያን አንድ የማደንቅላቸውን ነገር አድርገዋል። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። በኖቬምበር 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለቱን ራጃፓክሳዎች፣ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረውን ወንድማቸውን ባሲልን፣ የማዕከላዊ ባንክ ገዥዎችንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ኢኮኖሚውን በአግባቡ ባለመምራት የሕዝብን አደራ አጉድለዋል ብሎ ወሰነ። ማንም አልታሰረም፤ ለከሳሾች ወጪ እንዲከፍሉ ብቻ ታዘዙ፤ 150,000 ሩፒ። እንደ ቅጣት ካየነው ቀልድ ነው። ነገር ግን «ቀውስ መጣብን» የሚለውን አባባል «ቀውስ አመጣችሁብን» ብሎ በመዝገብ ያሰፈረ ውሳኔ ነው።

ሕዝቡም የራሱን ፍርድ በ2024 ሰጠ። በ2019 ምርጫ 3 በመቶ ድምፅ ያገኙት አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬ በሴፕቴምበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በኖቬምበር ጥምረታቸው ከ225 የፓርላማ መቀመጫዎች 159ኙን ወሰደ። ፓርቲያቸው በ1971ና በ1980ዎቹ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ጠመንጃ አንሥቶ በደም የተደመሰሰ የማርክሳውያን ድርጅት ነበር። ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን የገንዘብ ድርጅቱን ፕሮግራም አልቀደዱትም። ደጋፊዎቻቸው ይህን እንደ ክህደት ያዩታል፤ እኔ እንደ ጥንቃቄ አየዋለሁ፤ ምንም እንኳ ጥንቃቄ ብቻውን የገጠር ሆስፒታል ባለሙያ እንደማያስመልስ ባውቅም። በኖቬምበር 2025 መጨረሻ ዲትዋ የተባለው አውሎ ነፋስ በጎርፍና በመሬት መንሸራተት ከ600 በላይ ሰው ሲገድል፣ ይህ መንግሥት ያጠራቀማት ጥሪት ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ተፈተነች።

ስለ እኛ ትንሽ ልበል። በዲሴምበር 2023 ኢትዮጵያ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ስትቀር ብዙ ወዳጆቼ አፈሩ። እኔ አላፈርኩም። መንግሥት አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት ነው ብሎ ያቀረበው ምክንያት ሙሉ ይሁን አይሁን፣ የኮሎምቦን ጃንዋሪ ላነበበ ሰው ቦንድ ሳይከፈል መቅረቱ ከሁሉ የከፋ ዜና አይደለም። ከዚያ ይልቅ የደነገጥኩት ብር በጁላይ 2024 ለገበያ ሲለቀቅ ነው። ለመድኃኒት ድጎማ እንደሚደረግ ቢነገርም፣ በእኔ መስኮት ግን ለወር የታዘዘላቸውን «የሁለት ሳምንቱን ብቻ ስጠኝ ልጄ» የሚሉ እናቶች በዝተዋል። በሜይ 2025 የጤና ባለሙያዎቻችን በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ደግሞ ያሰብኩት ከስሪላንካ የሄዱትን ሐኪሞች ነው።

ስሪላንካ ከመንግሥታት ለተበደረችው ዕዳ ሙሉ ክፍያ የምትጀምረው በ2028 ነው። ያኔ ዶላሩ እንደገና ወረፋ ይያዝበታል። የቦንዱን ገበያ የሚከታተሉ ሰዎች ሞልተዋል፤ እኔ የማየው የጤና ሚኒስቴሩን የመድኃኒት ግዥ ጨረታ ይሆናል፤ ስንት መድኃኒት ተጠየቀ፣ ስንቱስ በሰዓቱ ገባ።